እሳቱ ይታያል፤ ገዳዩ ግን አይታይም

በሲኒማ ስለምናየው ፍንዳታና ስለ እውነተኛው

ባለፈው ቅዳሜ ማታ በማሠልጠኛችን አዳራሽ የታየውን ፊልም ያላየ ሠልጣኝ ጥቂት ነው። አክተሩ ክብሪት ለኩሶ ወደ ኋላው ይወረውራል፤ የነዳጅ ማደያው እንዳለ ወደ ሰማይ ይነሣል፤ እሱ ግን መነጽሩን አስተካክሎ፣ ዘወር ብሎ እንኳ ሳያይ፣ ቀስ እያለ ይራመዳል። አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። ከእኛም መካከል ያላጨበጨበ አልነበረም፤ መዋሸት አያስፈልግም።

በማግሥቱ እሑድ ጥቂት ሆነን ወደ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ስንወጣ ግን ክርክር ተነሣ። አንዱ «እንዲህ ከሆነማ ቦምብ ምን ያስፈራል?» አለ። ሌላው «ፊልም እኮ ነው፤ ውሸት ነው» ብሎ ወሬውን ሊዘጋው ሞከረ። አንዲት ሠልጣኝ ግን አልለቀቀችውም። «ውሸት ነው ማለት መልስ አይደለም። የቱ ላይ ነው የዋሸው? ነገ ክፍል ውስጥ አንድ ልጅ ቢጠይቀኝ ምን ልበለው?» አለች። ይህ ጽሑፍ የተነሣው ከዚያ ጥያቄ ነው። መልሱንም በተቻለን መጠን በቁጥርና በእውነተኛ ታሪክ ለመስጠት እንሞክራለን።

ሀ/ ጉልበት ወይስ ጊዜ?

ብዙዎቻችን ፈንጂ ሲባል ተአምረኛ ጉልበት የታመቀበት ነገር ይመስለናል። ቁጥሩ ሲታይ ግን ነገሩ ሌላ ነው። አንድ ኪሎ ቲ.ኤን.ቲ. ሲፈነዳ የሚለቀው ጉልበት 4.2 ሜጋ ጁል ያህል ነው። አንድ ኪሎ የጤፍ ዱቄት ግን ወደ 15 ሜጋ ጁል ይይዛል። አንድ ኪሎ ቤንዚን ደግሞ ከ40 ሜጋ ጁል በላይ አለው። እንግዲህ ኪሎ ለኪሎ ሲነጻጸር የእንጀራችን ዱቄት ከቲ.ኤን.ቲ. ከሦስት እጥፍ የበለጠ ጉልበት አለው ማለት ነው።

ታዲያ ጤፍ ለምን አይፈነዳም? ልዩነቱ ያለው ጊዜው ላይ ነው። ሰውነታችን የበላነውን ለማቃጠል ሰዓታት ይፈጅበታል፤ ኦክሲጅኑንም በትንፋሽ ከውጭ ያስገባል። ቲ.ኤን.ቲ. ግን ለፍንዳታው የሚሆነውን ኦክሲጅን በራሱ ሞለኪውል ውስጥ ስለያዘ አየር አይጠብቅም። ፍንዳታው በውስጡ በሰከንድ 6,900 ሜትር ያህል ይሮጣል። የአንድ ኪሎ ድብልብል ከመሐሉ እስከ ጠርዙ ለመድረስ ከሰከንድ አንድ መቶ ሺኛ ያነሰ ጊዜ ይበቃዋል። በዚያች ቅጽበት ጠጣሩ ነገር ወደ ጋለ ጋዝ ይለወጥና በዙሪያው ያለውን አየር እንደ ግድግዳ ገፍቶ ይነሣል። ይህ የተጨመቀ አየር የፍንዳታ ሞገድ ይባላል። ቀለም የለውም። ብዙውን ጊዜ በዓይን አይታይም።

ባሩድ ከዚህ ይለያል። ባሩድ በፍጥነት ይነዳል እንጂ ቃጠሎው ከድምፅ ፍጥነት በታች ነው። ስለዚህ ሜዳ ላይ የተበተነ ባሩድ ፍስስ ብሎ ይነዳል፤ ኃይሉን የሚያሳየው በጠመንጃ አፈሙዝ ውስጥ ሲታፈን ነው። ድማሚት ግን እንደ ቲ.ኤን.ቲ. ነው። ድንጋይ ካባ አጠገብ ያደገ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ ድማሚት ሲፈነዳ የሚያየው አቧራና የተሰነጠቀ ዐለት ነው እንጂ ሰማይ የሚልስ እሳት አይደለም።

ለ/ የሲኒማው እሳት ከምን ይሠራል?

ፊልም ሠሪዎች ለዓይን የሚሞላ ነገር ይፈልጋሉ። እውነተኛ ፈንጂ ደግሞ ለዓይን አይመችም፤ ብልጭ ብሎ ያልቅና አቧራ ብቻ ይቀራል። ስለዚህ ቤንዚን ወይም ሌላ ነዳጅ በዕቃ ያደርጉና በትንሽ ፈንጂ ወይም ባሩድ ወደ ላይ ይበትኑታል። የተበተነው ነዳጅ ከአየር ጋር እየተገናኘ ቀስ እያለ ይነዳል። ብርቱካንማው ነበልባልና ከላዩ የሚንከባለለው ጥቁር ጭስ የሚመጣው ከዚህ ነው። ጭሱ የጠቆረው ነዳጁ በቂ ኦክሲጅን አጥቶ ሙሉ በሙሉ ሳይቃጠል ስለቀረ ነው። ኬሮሲን ምድጃ ሲያጨስ ድስት የሚጠቁረውም በዚሁ ምክንያት ነው።

በጥይት የተመታው መኪና ሁሉ ይፈነዳል የሚባለውስ? ይህም አይሆንም። የቤንዚን ትነት የሚቀጣጠለው ከአየር ጋር ሲደባለቅ ከመቶ 1.4 እስከ 7.6 ያህል ሲሆን ብቻ ነው። በመኪና ታንከር ውስጥ ትነቱ አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ በላይ ስለሆነ ለመፈንዳት አየር ያጥረዋል። ተራ ጥይትም ታንከሩን ይበሳዋል እንጂ እንደ ክብሪት አይጭርም። በአደጋ የተቃጠለ መኪና አብዛኛውን ጊዜ ሲነድ ይቆያል እንጂ ወደ ሰማይ አይዘልም።

እዚህ ላይ አንድ የሚጠቅም ነገር እናንሣ። ከዚሁ ሕግ የተነሣ፣ ቤንዚን የነበረበት «ባዶ» በርሜል ከሞላው በርሜል የከፋ ሊሆን ይችላል። ባዶ የተባለው በርሜል ውስጥ የቀረው ትነት ከአየር ጋር በሚፈነዳ መጠን ሊደባለቅ ይችላልና። ሳይታጠብና ሳይናፈስ ብየዳ ላይ የሚውል በርሜል የሰው ሕይወት የሚቀጥፈው ስለዚህ ነው። ሲኒማው ያስፈራን በሞላው ነበር፤ ልንፈራው የሚገባን ግን ባዶውን ነው።

ሐ/ ድምፁ የት ቆየ?

ወደ ኪዳነ ምሕረት ስንቃረብ ሰማዩ ጠቁሮ ነበር። ማዶ ካለው ጋራ በላይ መብረቅ ብልጭ ሲል አብረውን የነበሩት የፊዚክስ መምህራችን «ቁጠሩ!» አሉን። ቆጠርን። ነጎድጓዱ የመጣው በ12ኛው ሰከንድ ነው። ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ስለሚሄድ መብረቁ ከእኛ አራት ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ነበር ማለት ነው። ደንቡ ቀላል ነው፤ ለያንዳንዱ ኪሎ ሜትር ሦስት ሰከንድ።

አንድ ሠልጣኝ «እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ድምፁ አይዘገይም ወይ?» ብሎ ጠየቀ። ጥያቄው ጥሩ ነው። የእንጦጦ ጋራ ጫፍ ከባሕር ወለል በላይ 3,200 ሜትር ያህል ነው፤ የአየሩም ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው 101 ኪሎ ፓስካል ወርዶ ወደ 70 ይደርሳል። የድምፅን ፍጥነት የሚወስነው ግን በዋናነት የአየሩ ሙቀት ነው እንጂ ግፊቱ አይደለም። ስለዚህ በእንጦጦ ብርድ ድምፅ ጥቂት ይዘገያል፤ ምክንያቱ ግን ብርዱ ነው።

በሲኒማ ግን አንድ ኪሎ ሜትር ርቆ የፈነዳ ነገር ብልጭታውና ድምፁ አንድ ላይ ይመጣሉ። ይህ ትንሽ ውሸት ይመስላል። ነገር ግን ከውሸቶቹ ሁሉ ብዙ ሰው የጎዳው ይኸው ነው ብንል አላጋነንም፤ ከዚህ በታች እንመለስበታለን።

መ/ ተወርውሮ የሚነሣው አክተር

በፊልም ፍንዳታው አክተሩን አንሥቶ አሥር ሜትር ይወረውረዋል። እሱም አቧራውን አራግፎ ይነሣና ሩጫውን ይቀጥላል። ይህን በ9ኛ ክፍል ፊዚክስ እንመርምረው።

የሰው የጆሮ ታምቡር ሊቀደድ የሚጀምረው ከተለመደው ግፊት በላይ 35 ኪሎ ፓስካል ያህል በድንገት ሲጨመርበት ነው። ይህ ግፊት ከፊት ለፊቱ ግማሽ ሜትር ካሬ ስፋት ያለውን ሰው መታው እንበል። ሞገዱ በአምስት ሺኛ ሰከንድ ውስጥ ወደ ዜሮ ቢወርድ፣ አማካዩን ግፊት 17.5 ኪሎ ፓስካል እንውሰድ። አማካይ ኃይሉ 8,750 ኒውተን ይሆናል። ይህን በ0.005 ሰከንድ ስናባዛው 44 ኒውተን ሰከንድ ያህል ግፍተት እናገኛለን። ሰውየው 60 ኪሎ ቢመዝን ፍጥነቱ 44 ሲካፈል ለ60፣ ማለትም በሰከንድ 0.7 ሜትር ይሆናል። ከገበያ ቀስ ብሎ ከሚመለስ ሰው እርምጃ ያነሰ ነው!

እንግዲህ ጆሮ የሚቀድ ፍንዳታ ሰውን ቢያንገዳግደው ነው እንጂ አይወረውረውም። እንደ ፊልሙ በሰከንድ 8 ሜትር ለመወርወር ከዚህ አሥር እጥፍ የሚበልጥ ግፊት ያስፈልጋል። ሳንባ ግን 100 ኪሎ ፓስካል ገደማ ላይ መጎዳት ይጀምራል። በደምሳሳው የተሠራ ስሌት ቢሆንም ፍርዱ ግልጽ ነው፤ አየሩ አንሥቶ አሥር ሜትር የወረወረው ሰው አቧራውን አራግፎ አይነሣም። በውጭ አንድ ጭረት ሳይታይበት ሳንባው ውስጡ ደም ቋጥሮ ሊሞት ይችላል። በሲኒማ የምናየውን ዝላይ የሚሠሩት ተለማማጅ አክሮባቶች ናቸው፤ በገመድ ይሳባሉ ወይም ከማስፈንጠሪያ ላይ ይዘላሉ።

«ሮጦ ማምለጥስ?» የሚል አይጠፋም። ቀነኒሳ በቀለ እ.ኤ.አ. በ2005 ዓ.ም. አሥር ሺህ ሜትርን በ26 ደቂቃ ከ17 ሰከንድ ሲሮጥ አማካይ ፍጥነቱ በሰከንድ 6.3 ሜትር ነበር። የፍንዳታ ሞገድ ከድምፅ ፍጥነት በታች አይሄድም። አሥር ሜትር ርቆ ላለ ሰው የሚደርሰው ከሰከንድ መቶኛ ሦስት ባነሰ ጊዜ ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ ቀነኒሳ የሚሄደው 19 ሳንቲ ሜትር፣ ማለትም አንድ ስንዝር ያህል ነው። በእንጦጦ ጫካ ማለዳ የምናያቸው ሯጮች ሁሉ ቢሰበሰቡ ፍንዳታን የሚቀድም አይገኝባቸውም።

ሠ/ ፍንጥርጣሪው

በፊልም የእጅ ቦምብ ቤት ሙሉ እሳት ያወጣል። በእውነቱ አንድ የእጅ ቦምብ የሚይዘው ፈንጂ በግራም የሚቆጠር ነው። ሰውን በዋናነት የሚጎዳው እሳቱ ሳይሆን ተሰባብሮ የሚበተነው ብረት ነው። ፍንጥርጣሪው ሲነሣ ፍጥነቱ በሰከንድ ከ1,000 ሜትር ሊበልጥ ይችላል። በቅርብ ያለ ሰው ድምፁን ሳይሰማ ብረቱ ይደርስበታል ማለት ነው።

ከኪዳነ ምሕረት ቁልቁል ስንመለስ የምናልፈው ስድስት ኪሎ የዚህ ምስክር ነው። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በገነተ ልዑል ግቢ አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በግራዚያኒ ላይ የእጅ ቦምቦች ወረወሩ። ግራዚያኒ ሰውነቱ በብዙ ፍንጥርጣሪ ተበሳስቶ ወደ ሆስፒታል ተወሰደ፤ ነገር ግን ተረፈ። በእሳት ኳስ የጋየ የለም። ከዚያ በኋላ ፋሺስቶች በአዲስ አበባ ሕዝብ ላይ ያወረዱትን እልቂት የስድስት ኪሎው ሐውልት ስለሚናገር እኛ አንደግመውም። ለጉዳያችን የሚሆነው፣ የእጅ ቦምብ ሥራው መብሳት መሆኑን ነው። ስለዚህም የፊልሙ ሰው ከእንጨት ጠረጴዛ ወይም ከመኪና በር ኋላ ተሸሽጎ መዳኑ ለፊልም ብቻ ይሠራል። መሬት ላይ ተኝቶ መለጠፍ ግን በእውነት ያድናል፤ ፍንጥርጣሪው ወደ ላይና ወደ ጎን ስለሚበተን የተኛን ሰው የማግኘት ዕድሉ አነስተኛ ነው።

ረ/ ግንቦት 27 ቀን 1983 ዓ.ም.

በዕድሜ የገፉት መምህራኖቻችን ይህን ቀን አይረሱትም። መንግሥት በተለወጠ በሳምንቱ በአዲስ አበባ የነበረ አንድ የጥይት መጋዘን ፈነዳ። ብዙ ሰው ሞተ፤ ብዙ ቤት ፈረሰ። የፍንዳታውን ዜና ለመቅረጽ ከሄዱት መካከል ኬንያዊው የካሜራ ባለሙያ መሐመድ አሚን ነበር። በ1977 ዓ.ም. መጀመሪያ የኮረምን ረሀብተኞች ቀርጾ ዓለምን ያስደነገጠው ሰው ይኸው ነው። በሥፍራው ሳሉ እንደገና ትልቅ ፍንዳታ ተነሣ። አሚን ግራ ክንዱን አጣ፤ የድምፅ ባለሙያው ጆን ማታይ ሕይወቱ አለፈ። አሚን በሰው ሠራሽ ክንድ ወደ ሥራው ተመለሰ፤ እ.ኤ.አ. በኅዳር 1996 ዓ.ም. ግን የተጠለፈው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ኮሞሮስ አጠገብ ሲወድቅ ከሞቱት አንዱ ሆነ።

ከዚህ የምንማረው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ በፊልም ፍንዳታ አንድ ጊዜ ይሆንና ያበቃል። በጥይት መጋዘን ግን እሳቱ ሳጥን ከሳጥን እያጋለ ስለሚሄድ የመጀመሪያው የመጨረሻው አይደለም፤ የኋለኛው ከፊተኛው ሊብስም ይችላል። እነ አሚን ጦር ሜዳ የለመዱ ሰዎች ነበሩ፤ ልምዳቸው ግን አላዳናቸውም።

ሁለተኛ፣ ርቀትን በተመለከተ ዓይናችን ያታልለናል። የፈንጂው መጠን አንድ ሺህ እጥፍ ሲያድግ ተመሳሳይ ግፊት የሚደርስበት ርቀት አሥር እጥፍ ያድጋል። አንድ ኪሎ በአሥር ሜትር ላይ የሚያደርሰውን አንድ ሺህ ኪሎ በመቶ ሜትር ላይ ያደርሰዋል። «ሩቅ ነኝ» የሚለው ሰው ምን ያህል ፈንጂ እንዳለ ካላወቀ ሩቅ መሆኑን አያውቅም።

ሰ/ መስኮቱ

አሁን ወደ ብልጭታውና ወደ ድምፁ እንመለስ። የተለመደ የመስኮት መስተዋት አምስት ኪሎ ፓስካል ያህል በድንገት ቢጨመርበት ይሰበራል። ይህ ትንሽ ይመስላል። አንድ ሜትር ካሬ መስኮት ላይ ግን 5,000 ኒውተን ነው፤ አምስት ኩንታል ጤፍ በአንድ ጊዜ እንደ ተጣለበት ማለት ነው። ሰው ብልጭታ ሲያይ ምን ያደርጋል? «ምንድን ነው?» ብሎ ወደ መስኮት ይሮጣል። ሞገዱ መንገድ ላይ ነው። ሲደርስ ፊቱን መስተዋቱ ላይ ለጥፎ ያገኘዋል። እ.ኤ.አ. በ1917 ዓ.ም. በካናዳ ሃሊፋክስ ወደብ ፈንጂ የጫነች መርከብ ስትቃጠል በመስኮት ይመለከት የነበረ ብዙ ሕዝብ ዓይኑን ያጣው እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 ዓ.ም. በቤይሩት ወደብም ጭሱን በስልክ ሲቀርጹ የነበሩ ሰዎች በመስተዋት ተቆራርጠዋል።

አሁን የምንነግራችሁ ግን የመምህር ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. የካቲት 15 ቀን 2013 ዓ.ም. በሩሲያ ቼልያቢንስክ ከተማ ሰማይ ላይ ከጠፈር የመጣ ዐለት ፈነዳ። ብርሃኑ ከተማውን ሞላው፤ ድምፅ ግን የለም። ሞገዱ የደረሰው ከደቂቃ በላይ ቆይቶ ነው። የተጎዱት ወደ 1,500 ሰዎች ሲሆኑ ብዙዎቹን የጎዳቸው መስተዋት ነበር። አንዲት የ4ኛ ክፍል መምህርት ግን ብርሃኑን እንዳየች 44 ተማሪዎቿን ከጠረጴዛ ሥር እንዲገቡ አዘዘቻቸው። ሞገዱ ሲመጣ መስኮቶቹ ተረገፉ። እርሷ ቆማ ስለነበር ክፉኛ ተቆረጠች። ከልጆቹ ግን አንድም አልተጎዳም። ብርሃን ይቀድማል፤ ሞገድ ይከተላል፤ በመካከላቸው ያለው ጊዜ ልጆችን ማዳኛ ነው።

ሸ/ ለእኛ ምናችን ነው?

ከመካከላችን ብዙዎቻችን ነገ በየወረዳው እንመደባለን። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በሰሜን የአገራችን ክፍል የተካሄደው ጦርነት በትግራይ፣ በአማራና በአፋር ያልፈነዱ ጥይቶችንና ቦምቦችን በየሜዳው ጥሎ አልፏል። ከብት የሚያግዱ፣ ውሃ የሚቀዱ ልጆች አንሥተዋቸው ሞተዋል፤ እጅና እግራቸውንም አጥተዋል። ቦምብን ከፊልም የተማረ ልጅ፣ ሽቦው ካልተሳበ አይፈነዳም፣ ቢፈነዳም ሮጬ አመልጣለሁ ብሎ ያስባል። የዛገና ያረጀ ቦምብም የሞተ ይመስለዋል። ያረጀ ቦምብ ግን የሞተ ቦምብ አይደለም፤ ዝገትና ጊዜ አንዳንዱን ከአዲሱ ይልቅ በቀላሉ የሚፈነዳ ያደርጉታል።

ስለዚህ የትም ብንመደብ፣ የምናስተምረው ትምህርት ሒሳብም ይሁን አማርኛ፣ እነዚህን ለልጆች እንንገር፦

1ኛ/ ያላወቃችሁትን ብረት አትንኩ፤ ድንጋይ አትወርውሩበት፤ እሳት ውስጥ አትጨምሩት፤ ወደ ቤትም አታምጡት።

2ኛ/ ካያችሁት ቁሙ፤ በመጣችሁበት ዱካ ተመለሱ፤ ለትልቅ ሰው ተናገሩ።

3ኛ/ የሚነድ ወይም የሚፈነዳ ነገር ለማየት አትሂዱ፤ ሁለተኛው ሊከተል ይችላል።

4ኛ/ ያልተለመደ ብልጭታ ካያችሁ ከመስኮት ራቁ፤ መሬት ላይ ተኙ ወይም ከጠረጴዛ ሥር ግቡ።

ሲኒማ አትዩ አንልም፤ እኛም በሚቀጥለው ቅዳሜ አዳራሹ ውስጥ እንገኛለን። አክተሩ ከእሳቱ ፊት ሲራመድም ምናልባት እናጨበጭባለን። ከኪዳነ ምሕረት መንገድ ላይ «ምን ልበለው?» ላለችው እኅታችን ግን መልሳችን ይህ ነው፦ «ፊልሙ የሚታየውን እሳት አሳየህ፤ የማይታየውን አየርና ብረት ደበቀህ። የሚገድለው የደበቀህ ነው» በይው። ከዚያም መብረቅ ሲበርቅ አብራችሁ ቁጠሩ። ነገር ሳይቃጠል በቅጠል ነውና፣ አደጋው ሳይመጣ ቆጠራውን ይልመደው።

በስሌቱ ላይ ስሕተት ያገኘ ወይም ተጨማሪ ጥያቄ ያለው አንባቢ ጽሑፉን በጋዜጣችን ሳጥን ያስገባልን።